የዒድ ጌጥ ከቁርጥራጭ ጨርቅ



ከሕፃናት አንደበት በተደጋጋሚ የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ፤ «እማዬ፣ ለዒድ የእኛ ቤት ለምን አያጌጥም?» የሚል ነው። ሕፃኑ በታኅሣሥ ወር የሱቆች መስኮት በመብራትና በአብረቅራቂ ወረቀት ተሸልሞ ያያል። የጎረቤት ልጆችም ቤታቸውን ሲያሳምሩ ይመለከታል። ከወላጆቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ያ የእኛ በዓል አይደለም» የሚል ነው። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የጥያቄውን ግማሽ ብቻ ይመልሳል። ሕፃኑ የጠየቀው ስለ ራሱ ዒድ ነውና።

በዚህ ጽሑፍ ለሌላው ግማሽ መልስ የሚሆን አንድ የእጅ ሥራ እናቀርባለን። ይህም ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተሰፍቶ፣ በመሐሉ ስስ መሙያ ተደርጎበት፣ በጥብጣብ ላይ ተደርድሮ በበር ወይም በመስኮት ላይ የሚንጠለጠል የዒድ ጌጥ ነው። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ልጆችን፣ እናትን፣ አባትን፣ አያትን በአንድ ምንጣፍ ላይ ሰብስቦ ያሠራል። ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት ግን «ቤትን ለዒድ ማስጌጥ እንዴት ይታያል?» ለሚለው ጥያቄ አጭር ማብራሪያ መስጠት ይገባናል።

ዒድ የደስታ ቀን ነው

ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት በዒድ ቀን ሁለት ልጃገረዶች በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ቤት እየዘመሩ ሳለ አቡበክር (ረ.ዐ.) ገብተው ተቆጡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን እንዲተዉአቸው ነገሯቸው፤ ማንኛውም ሕዝብ የራሱ በዓል እንዳለውና ይህ ደግሞ የእኛ በዓል መሆኑን አስረዷቸው። በሌላ ዘገባ ደግሞ በዒድ ቀን ሐበሾች በመስጊዱ ውስጥ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጀርባ ሆነው እስኪበቃቸው ድረስ እንደተመለከቱ ተነግሯል። ዒድን በደስታ ካደመቁት መካከል የሀገራችን ሰዎች መኖራቸው ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው።

ልጆችን በዒባዳ ወቅት በእጅ ሥራ ማባበልም አዲስ ነገር አይደለም። ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ (ረ.ዐ.) የዓሹራን ጾም ልጆቻቸውን ጭምር ያስጾሙ እንደነበር፣ ከሱፍም መጫወቻ ይሠሩላቸው እንደነበር፣ ሕፃኑ ርቦት ሲያለቅስም እስከ ማፍጠሪያው ሰዓት በመጫወቻው ያባብሉት እንደነበር ተናግረዋል። ይህም በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። እነዚያ እናቶች ጾሙ ለልጁ ከባድ ትዝታ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር እጃቸው ላይ ያለውን ሱፍ ተጠቀሙ። እኛም እጃችን ላይ ጨርቅ አለ።

ልኩን ማወቅ

በሌላ በኩል ሚዛን እንድንጠብቅ የሚያደርገን ሐዲስ አለ። በሙስሊም ዘገባ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በቤታቸው ጨርቅ ሰቅለው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባዩት ጊዜ አልተደሰቱበትም። ጎትተው አወረዱት፤ አላህ ድንጋይና ጭቃን እንድናለብስ እንዳላዘዘንም ገለጹ። ዓኢሻም (ረ.ዐ.) ጨርቁን ቆርጠው ሁለት ትራሶች ሰፉ፤ በውስጣቸውም የተምር ዛፍ ቃጫ ሞሉባቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በዚህ አልነቀፏቸውም።

ከዚህ ዘገባ ቢያንስ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። የመጀመሪያው ግድግዳን በጨርቅ ማልበስ የማይወደድ መሆኑ ነው። ኢማም ነወዊ በሙስሊም ማብራሪያቸው ጉዳዩን ከሐራም ሳይሆን ከመክሩህ መድበውታል። ስለዚህ የምንሠራው ጌጥ ግድግዳ የሚሸፍን መጋረጃ ሳይሆን በበር ወይም በመስኮት አናት ላይ የሚያልፍ አንድ መስመር ብቻ ይሁን። ከበዓሉም በኋላ ይውረድ። ሁለተኛው ትምህርት አንድ ጨርቅ ለአንድ ነገር አልሆን ሲል ተቆርጦና ተሞልቶ ለሌላ ጥቅም መዋሉ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ ጌጡ ዒባዳ እንዳልሆነ ለልጆች በግልጽ ልንነግራቸው ይገባል። ዒድን ዒድ የሚያደርገው ተክቢራው፣ ሰላቱ፣ ዘካተል ፊጥሩና ዝምድናን መቀጠሉ ነው። ጌጡ የቤተሰብ ደስታ መግለጫ ነው። ያልሰቀለ ሰው ምንም አልጎደለበትም። ከዚህ ያለፈ ጥያቄ ያለው ሰው በአቅራቢያው ያሉትን ዑለማ ይጠይቅ።

ትናንት በጓዳ፣ ዛሬ በደጅ

የዒድን ደስታ ለልጆች ማሳየት በሀገራችን የራሱ ታሪክ አለው። የአያቶቻችን ዘመን ሙስሊም ሠራተኛ ዒድ በሥራ ቀን ሲውልበት አንድም ፈቃድ ይለምን ነበር፤ አለዚያም ከሰላት መልስ በቀጥታ ወደ ቢሮው ይሄድ ነበር። በዓሉ በመንግሥት የቀን መቁጠሪያ ላይ አልነበረምና። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ የሙስሊሞች በዓላት እንደ ሌሎቹ ብሔራዊ በዓል ሆነው እንዲከበሩ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ዒድ አል-ፊጥር፣ ዒድ አል-አድሐና መውሊድ በሕዝብ በዓላት ዝርዝር ውስጥ ገቡ።

በዚያ ዘመን ያደጉ ብዙ ወላጆች ዒድን በቤት ውስጥ፣ በዝግታ ማክበር ለምደዋል። የምግቡ ሽታ እንጂ ሌላ ምልክት ከደጅ አይታይም ነበር። ዛሬ ቀኑ ሥራና ትምህርት የሚዘጋበት ሆኖ ሳለ ዝምታው በልማድ የቀጠለባቸው ቤቶች አሉ። በበራቸው ላይ «ዒድ ሙባረክ» የሚል ጽሑፍ የሚሰቅሉ ልጆች አያቶቻቸው ያላገኙትን ነገር እያደረጉ ነው። ይህንን ታሪክ በስፌቱ ጊዜ ብንነግራቸው የሚሰፉት ነገር ዋጋው ይገባቸዋል።

ደሪቶና የሰፊ ቤት ቁርጥራጭ

እናቶቻችን ያረጁ ጨርቆችን እየደራረቡና እየሰፉ የሚሠሩትን ደሪቶ የማያውቅ የለም። ደሪቶ የችግር ልብስ ተደርጎ ቢታይም ጥበቡ ትልቅ ነው። ሁለት ጨርቅ ተደርቦ፣ በመሐሉ ጥጥ ወይም ሌላ ጨርቅ ገብቶ፣ ሦስቱም አንድ ላይ ሲሰፉ ሥራው ይጠነክራል፤ ቅርጹንም ይይዛል። በመሐል የሚያልፈው ስፌት ለውበት ብቻ የገባ አይደለም። ስፌቱ ከሌለ ጥጡ በመጀመሪያው እጥበት ተንሸራትቶ በአንድ ጥግ ይጓጉላል።

ቁርጥራጭ ጨርቅን በሌላ ጨርቅ ላይ እየሰፉ ጌጥ ማድረግ በሙስሊሙ ዓለም የታወቀ ሙያ ነው። በካይሮ ከባብ ዙወይላ በስተደቡብ «ኸያሚያ» የሚባል ጣሪያ ያለው የድንኳን ሰፊዎች መንገድ አለ። እዚያ ያሉት የእጅ ባለሙያዎች ባለ ቀለም ጨርቅን በኮከብ፣ በሐረግና በማዕዘን ቅርጽ እየቆረጡ በወፍራም የጥጥ ጨርቅ ላይ በእጃቸው ይሰፋሉ። ግብፃውያንም በረመዳን ቤታቸውንና ጎዳናቸውን በዚሁ ዓይነት ጨርቅ ያስጌጣሉ።

በሀገራችንም ሐረር ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚያወርደው የልብስ ሰፊዎች መንገድ በስፌት መኪናዎቹ ድምፅ «መኪና ግርግር» ተብሎ ተሰይሟል። በየከተማችን የልብስ ሰፊ አለ፤ ከእያንዳንዱም መኪና ሥር ቁርጥራጭ አይጠፋም። ከጀለቢያ የተረፈ ነጭ፣ ከድሪያ የተረፈ አበባማ፣ ከተማሪ ዩኒፎርም የተረፈ ካኪ በትሕትና ቢጠየቅ ብዙ ሰፊዎች በነጻ ይሰጣሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ጌጡ 9 ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቆች ይኖሩታል። ስድስቱ ዒ፣ ድ፣ ሙ፣ ባ፣ ረ፣ ክ የሚሉትን ፊደላት ይይዛሉ። አንዱ በሁለቱ ቃላት መካከል ይገባል። ሁለቱ ደግሞ በግራና በቀኝ ጫፍ ይሆናሉ። ለዚህም የሚከተሉትን ማዘጋጀት ነው።

— ለፊት የሚሆን ባለ ቀለም ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ለ9 ቁራጭ የሚበቃ፤
— ለገበር 90 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው አቡጀዲ፣ 60 ሳ.ሜ. ቁመት፤
— ለመሙያ ያረጀ ስስ ብርድ ልብስ፤ ይህ ከሌለ ባዘቶ ጥጥ በስሱ ተዘርግቶ፤
— 3 ሜትር ጥብጣብ፤ ወይም ከጨርቅ የተቆረጠና የተቀጣጠለ 6 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ቅዳጅ፤
— መርፌ፣ ጠንካራ ክር፣ መቀስ፣ ሜትር፣ ስፒል፣ ካውያ፣ ጠመኔ ወይም የሳሙና ስባሪ፤
— ለቅድ የሚሆን ካርቶን።

አሠራሩ

1. ማጠብ። ጨርቁ ሁሉ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ። የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ ከተሰፋ በኋላ ከተሰበሰበ ጌጡ ይጨማደዳል። ቀዩንና ጥቁሩን ጨርቅ እርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽቶ መሞከር ይገባል። ቀለም ከለቀቀ ከነጩ ጋር አይሰፋም።

2. ቅድ ማውጣት። በካርቶኑ ላይ የላይ ስፋቱ 20 ሳ.ሜ.፣ ቁመቱ 24 ሳ.ሜ. የሆነ ሦስት ማዕዘን ይሣልና ይቆረጥ። ካርቶኑን ከጨርቁ ጀርባ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በጠመኔ ማስመር፤ ከዚያ ከመስመሩ 1 ሳ.ሜ. ወደ ውጭ ትርፍ ትቶ መቁረጥ። መስመሩ የስፌት መንገድ ነው። አቡጀዲው ላይ አንዱን ሦስት ማዕዘን ወደ ላይ፣ ቀጣዩን ወደ ታች እያገላበጡ ቢያስቀምጡ በአንድ ረድፍ 6 ይወጣል፤ ጨርቅም አይባክንም።

3. ፊደሉን መስፋት። ፊደላቱ ከፍታቸው 8 ሳ.ሜ. ሆኖ ከካርቶን ይቆረጡና ከፊቱ ጨርቅ በቀለም ከሚለይ ጨርቅ ላይ ይገለበጡ። ለነጭ ፊደል አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ መደብ ከሩቅ ይነበባል። ፊደሉ ከላይኛው መስመር 3 ሳ.ሜ. ዝቅ ብሎ በመሐል ይቀመጥና ጠርዙ በጥቃቅን ስፌት ይዘምዘም። ፊደል ለማይኖራቸው ሦስት ቁራጮች ጎናቸው 6 ሳ.ሜ. የሆኑ ሁለት አራት ማዕዘኖችን አንዱን አዙሮ በሌላው ላይ መደረብ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ ይሰጣል።

4. መደረብ። መጀመሪያ የብርድ ልብሱ ቁራጭ ይነጠፋል። በላዩ ገበሩ፣ በገበሩ ላይ ደግሞ የፊቱ ጨርቅ ፊደሉ ወደ ታች ሆኖ፣ ማለትም ጀርባው ወደ ሰፊው ሆኖ ይደረባል። ሦስቱም በስፒል ይያዙ።

5. መስፋትና መገልበጥ። ሁለቱ ዘንበል ያሉ ጎኖች በመስመሩ ላይ ይሰፉ፤ የላይኛው ጎን ክፍት ይቆይ። ከስፌቱ ውጭ የቀረው የብርድ ልብሱ ትርፍ ይከርከም፤ የታችኛው ጫፍ ትርፍም ስፌቱን ሳይነካ ይቆረጥ። ይህ ካልተደረገ ሲገለበጥ ጫፉ ይደነቁላል። ከዚያ በክፍቱ በኩል ይገለበጥና በካውያ በቀስታ ይተኮስ።

6. የደሪቶው ስፌት። ከፊደሉ ዙሪያ ግማሽ ሳ.ሜ. ርቆ፣ እንዲሁም ከሁለቱ ጠርዞች 2 ሳ.ሜ. ገባ ብሎ መርፌውን በእኩል እርምጃ ወደ ላይና ወደ ታች እያወጡ መስፋት ነው። መርፌው ሦስቱንም ድርብርብ መያዙን በጀርባ በኩል ማረጋገጥ ይገባል። ፊደሉ ከፍ ብሎ፣ ዙሪያው ዝቅ ብሎ የሚታየው በዚህ ስፌት ነው። በስፌት መኪና የሚሠራ ሰው ቁጥር 14 ወይም 16 መርፌ ቢጠቀምና የስፌቱን እርምጃ ረዘም ቢያደርግ ጨርቁ አይጨማደድም።

7. ማያያዝ። ቅዳጁ ጨርቅ በሁለቱም ጠርዝ 1 ሳ.ሜ. ወደ ውስጥ ይታጠፍና በመሐል ይተጣጠፍ፤ 2 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ጥብጣብ ይሆናል። ከጫፉ 40 ሳ.ሜ. ለማሰሪያ ትቶ የቁራጮቹን ክፍት ጎን በጥብጣቡ እጥፋት ውስጥ እያስገቡ፣ በመካከላቸው 4 ሳ.ሜ. እየተዉ ከዳር እስከ ዳር መስፋት። ዘጠኙ ቁራጭ 180 ሳ.ሜ.፣ ስምንቱ ክፍተት 32 ሳ.ሜ.፣ ሁለቱ ማሰሪያ 80 ሳ.ሜ. ይወስዳሉ፤ ድምሩ 292 ሳ.ሜ. ስለሆነ 3 ሜትሩ ይበቃል።

ምን ይጻፍበት?

ብዙ ቤተሰብ በዐረብኛ ፊደል መጻፍን ይመርጥ ይሆናል። የዐረብኛ ፊደላት ግን እርስ በርስ ተያይዘው የሚጻፉ ስለሆኑ በየጨርቁ ቢበታተኑ ቃሉ ይሰበራል። የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ለብቻው ቆሞ ስለሚነበብ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በዐረብኛ የሚፈልግ ቃሉን ሙሉውን በአንድ ሰፊ ጨርቅ ላይ ይስፋ። በተጨማሪም «ዒድ» በዐይኑ ዐ መጻፉን ልጆች በእጃቸው ቆርጠው የሰፉት ጊዜ አይረሱትም። በመምህርነት ሥራ እንደታዘብኩት በጣት የተዳሰሰ ፊደል በሰሌዳ ከታየው ይበልጥ ይያዛል።

የአላህን ስም፣ የቁርኣን አንቀጽ ወይም ተክቢራን በዚህ ጌጥ ላይ መጻፍ ግን ቢቀር የተሻለ ነው። ጌጥ ይወድቃል፣ ይረገጣል፣ ከሌላ ልብስ ጋር በሳፋ ውስጥ ይታጠባል፣ ሲያረጅም ወለል መወልወያ ሊሆን ይችላል። ለተከበረው ቃል የሚገባው ስፍራ ይህ አይደለም። የሰውና የእንስሳት ምስልም አይደረግበት። ዓመተ ምሕረት ካልተጻፈበት ጌጡ ለዒድ አል-ፊጥርም ለዐረፋም፣ በየዓመቱ ይሰቀላል።

መቼ ይሠራ?

እህቴ ሆይ፣ ከስፌቱ ሁሉ ይልቅ ልብ ልትይው የሚገባ ነገር ይህ ነው። ሥራው በሻዕባን ይጀመር፤ በሻዕባንም ይለቅ። በየሳምንቱ መጨረሻ ሦስት ሦስት ቁራጭ ቢሰፋ በሦስት ሳምንት ዘጠኙ ያልቃሉ፤ አራተኛው ሳምንት ለማያያዝ ይሆናል። ከዚያ ታጥፎ በሳጥን ይቀመጥ።

ይህንን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። የረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ለይለተል ቀድር የምትፈለግባቸው ናቸው። በብዙ ቤቶች ግን እነዚሁ ሌሊቶች በመጋረጃ እጥበት፣ በብስኩት ጥብሳ፣ በገበያ ሩጫ ያልፋሉ፤ ሸክሙም በአብዛኛው በእናት ትከሻ ላይ ይወድቃል። ሌላው በመስጊድ ሲቆም እርሷ በጓዳ ትቆማለች። ለዒድ ደስታ ብለን የምንጨምረው ሥራ ያችን ሌሊት ከእናት የሚነጥቅ ከሆነ ባይሠራ ይሻላል። በሻዕባን የተጠናቀቀ ሥራ ግን በዒድ ዋዜማ የሚጠይቀው ሁለት ምስማርና አምስት ደቂቃ ብቻ ነው።

የእያንዳንዱ ድርሻ

ስፌት የሴቶች ሥራ ብቻ ነው የሚል ወንድም ካለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ልብሳቸውን ይሰፉ፣ ጫማቸውንም ይጠግኑ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) መናገራቸውን ያስታውስ። አባት ካርቶኑን ይለካ፣ ይቁረጥ፤ ወንድ ልጆችም መርፌ ይያዙ። ለመርፌ ያልደረሱት ቀለም ይምረጡ፣ በጠመኔ ያስምሩ፣ ቁራጮቹን በተራ ይደርድሩ። የሕፃን ስፌት ጠማማ ቢሆን አይፈታ። በዒዱ ቀን እንግዳውን እየጎተተ ወስዶ የሚያሳየው ያችኑ ጠማማ መስመር ነው።

ለጥንቃቄ ያህል ስፒሉንና መርፌውን ቆጥሮ መጀመር፣ ቆጥሮ መጨረስ ያስፈልጋል። የሚሰፋበት ምንጣፍ ሱጁድ የሚወረድበት ነውና አንዲት ስፒል እንኳ ልትቀርበት አይገባም። የተጠናቀቀው ጌጥም ከቡና ከሰልና ከዕጣን ማጨሻ በላይ አይሰቀል፤ ጨርቅ እሳት ቶሎ ይይዘዋል። ከበዓል በኋላ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ፣ በጥላ ደርቆ፣ ሳይጨማደድ ተጠቅልሎ ይቀመጥ።

በመጨረሻም ለወጪው። ይህ ጌጥ አዲስ ጨርቅ ተገዝቶለት የሚሠራ ከሆነ ዓላማውን ይስታል። ገንዘቡ ለዘካተል ፊጥር፣ ለጎረቤት የቲም ልብስ፣ ለዘመድ ጥየቃ ይዋል። ቁርጥራጩ ከተረፈ ግን ለጎረቤት ልጅም አንድ መስመር ይሰፋለት፤ ደስታው ከአንድ በር ወደ ሌላው ይሻገር።

አላህ (ሱ.ወ.) ጾማችንንና ሰላታችንን ይቀበለን፤ ልጆቻችንን ዲናቸውንና ዒዳቸውን የሚወዱ ያድርግልን። አሚን።